ገበቴው ያልፈሰሰበት አገር

ከመናገር መስማት ይቀላል፤ ቀላሉን ለእናንተ ትቼ ከባዱን እኔ ልያዘው። የምነግራችሁን አገር ስሙን ረስቼው አይደለም። ስሙን ብጠራው ግማሻችሁ «እሱማ ሩቅ ነው» ብላችሁ ትተኛላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ግራና ቀኝ ማየት ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ዝም ብለን አገሪቱ እንበላት።

አገሪቱ ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈች ነበረች። መሬቷ ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል እያሰሩ፣ እስሩን በእስር ላይ እየደረደሩ፣ አባቶቻቸው አገር አደረጉት። ቤት ሠሩበት፣ ገበያ አቆሙበት፣ ተዳሩበት። «ደረቅ መሬት እያለ ውሃ ላይ ምን ወሰዳቸው?» የሚል ካለ፣ የወሰዳቸው ሽፍታ ሽሽት ነው። ሽፍታው ካለቀ በኋላ ደግሞ ለመዱት፤ ሰው የለመደውን አገሬ ይለዋል።

ደንገል ግን ይበሰብሳል። ከሥር ሲበሰብስ ከላይ ካልተጨመረለት አገር ሆኖ አይቆይም። ለዚህ አባቶች «ማንሻ» የሚባል ሥርዓት አቆሙ። በየሰባት ዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ዕቃውን በታንኳ ጭኖ ወደ ሐይቁ ዳር ያወጣል። ባዶው ወለል ላይ አዲስ ደንገል ይነጠፋል። ከዚያ ሁሉም ዕቃውን መልሶ ያስገባል። በመውጫው ማንም ማንንም ይርዳ፣ ሕግ የለበትም። በመግቢያው ግን ልጅ አዋቂው በቃሉ የሚይዘው አንድ ሕግ አለ፦ «ብቻውን ያነሳ ለብቻው፣ አብሮ ያነሳ አብሮ።» ማሰሮህን፣ አልጋህን፣ መረብህን ተሸክመህ ትገባለህ፤ ስትመላለስ ብትውልም የሚከለክልህ የለም። ከጉልበትህ በላይ የሆነውን ግን ጎረቤት ጠርተህ ታነሳለህ። ጎረቤትህም ከዚያ ቀን ጀምሮ በዕቃው ላይ እኩል ባለቤት ነው።

«ይህማ ምቀኝነት ነው» የሚል አይጠፋም፤ አውቃችኋለሁ። አይደለም። የተንሳፈፈ አገር ላይ ከሰው ጉልበት በላይ የሚከብድ ነገር የሁሉም ጉዳይ ነው፤ ሲሰጥም ባለቤቱን ብቻ ይዞ አይሰጥምምና።

ታዲያ ይህ ሥርዓት ከቀረ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። እንዴት ቀረ ብትሉ፣ በድንጋይ ነው የቀረው። በደንገል አገር ለወፍጮ የሚሆን ድንጋይ ብርቅ ነው፤ ያለ ድንጋይ ደግሞ ወፍጮ የለም፣ ያለ ወፍጮም እንጀራ የለም። ጌታ ወንድይራድ የሚባል ሰው በአንድ የረሃብ ዓመት እህል እየሰጠ የሰዉን ወፍጮ ሁሉ ሰበሰበ። ዓመቱ አለፈ፣ ጠገቡ፤ ወፍጮው ግን አልተመለሰም። አርባ ወፍጮ አንድ ግቢ ገባ። የአገሩ ሴት ሁሉ ምዕራብ ዳር ወዳለው ግቢው እየሄደች ትፈጫለች፣ ከአምስት ቁና አንዱን ለእሱ ትታ ትመለሳለች። የተተወው እህል ጎተራ ሞላ፣ ጎተራው ጎተራ ወለደ፣ አርባ ደረሰ። አገሪቱም ቀስ ብላ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመረች።

አሁን የሚዛን ሹሙን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ አለቃ ሣህሉ ነው። የሾመው ሸንጎው ነው፤ ሸንጎው ደግሞ ምሳ የሚበላው ጌታ ወንድይራድ ቤት ነው። ከዚህ በላይ ስለ ሹመቱ የምለው የለኝም። በአገሪቱ መካከል ባለው አዳራሽ፣ በአንድ መቀመጫ ላይ፣ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ትልቅ ገበቴ ነበር። አገር ሲያዘነብል ውሃው ይፈሳል። በቀድሞው ዘመን ማንሻ የሚከፈተው ሹሙ ራሱ ገበቴውን ከመቀመጫው ሲያነሳ ነበር፤ የመጀመሪያው ሸክም የሹሙ ነው። ይህን ያየ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ይነፋል፤ አንዴ ከተነፋ ሸንጎም ቢሆን አይመልሰውም። አለቃ ሣህሉ ግን ሕጉን አሻሻለ፦ «ገበቴው ካልፈሰሰ አገር ደህና ነው፤ አገር ደህና ከሆነ ማንሻ ለምን?»

ገበቴው እንዳይፈስም ታላላቅ ደንቦች ወጡ። በምሥራቅ በኩል የሚኖር ድሃ ሁሉ ከሐይቁ ዳር ድንጋይ እየተሸከመ ቤቱ እንዲያስቀምጥ ታዘዘ፤ ይህ «የሚዛን ድንጋይ» ተባለ። ጌታው ጎተራ በጨመረ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቤት አንድ እንቅብ ድንጋይ ይጨመራል። ወፍራም ሰው በምዕራብ በኩል እንዳያድር ተከለከለ፤ ጌታ ወንድይራድ ራሱ ግን በልዩ ፈቃድ ታለፈ። ወደ ምዕራብ የሚሻገር ሰው ተለዋጭ ሰው ወደ ምሥራቅ እስኪመጣ ሁለቱን ሰፈር በሚያገናኘው ድልድይ ላይ ይጠብቃል። እህል ለማስፈጨት ከሚሄዱት በቀር፣ ያለ ተለዋጭ መሻገር የሚፈቀደው ለደስታና ለኀዘን ብቻ ነበር። ሹሙ ብዙ ነገር ቢደፍርም «አትልቀሱ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አትበሉ» ማለትን አልደፈረም።

ለሠላሳ አንድ ዓመት ገበቴው አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። አለቃ ሣህሉ በየጠዋቱ አጎንብሶ ያየውና «ተመስገን» ብሎ ቁርሱን ይበላ ነበር።

በምሥራቅ ዳር አንጓች የምትባል ሴት ትኖራለች። ወለል ሠሪ ናት፤ ደንገል ታስራለች፣ የላላውን ታጠብቃለች። ሥራዋን የምትሠራው ከወለሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ወደ ውሃው አንጠልጥላ ነው። በልጅነቷ እግሯን ብትወዘውዝ ውሃ አይነካትም ነበር። ስታገባ ጣቷን ነካት። ባሏ ሲሞት ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ይህን በምነግራችሁ ዓመት ጉልበቷን አለፈ። ብቸኛ ልጇ ወለላ ደግሞ በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ አራስ አልጋዋ ላይ እንዳለች ጠራቻት።

«እማዬ፣ የአልጋው እግር ውሃ ውስጥ ነው።»

አንጓች ጎንበስ ብላ አየች። ውሃው በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ነው። ግንቦት አልቋል፤ ክረምቱ ሲገባ ይህ ቤት አልጋውን፣ አራሷንና ልጁን ይዞ እንደሚሄድ ወለል ሠሪ አይጠፋትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አዳራሹ ሄደች።

አለቃ ሣህሉ በአክብሮት ተቀበላት፤ ሰውን በአክብሮት መመለስ የተካነበት ሥራ ነው።

«ጌታዬ፣ እየሰጠምን ነው» አለችው።

«ነይ እስኪ ወደዚህ፣ ገበቴውን እዪው። ፈሷል?»

«አልፈሰሰም።»

«እንግዲያ?»

«ገበቴው እኮ ከእኛ ጋር አብሮ ነው የሚወርደው።»

«ወዴት?»

«ወደ ታች ነዋ ጌታዬ።»

«ወደ ታች የሚለካ መሣሪያ የለንም» አላት። «የኛ ሥራ ግራና ቀኝ ነው። ለማንኛውም ከምሥራቅ አቤቱታ መምጣቱ ሚዛን መጉደሉን ያሳያል። ሁለት እንቅብ ድንጋይ ጨምሪ።»

ወጣች። ከአዳራሹ በር ላይ አያ ቢተው ተቀምጧል። አያ ቢተው ጥሩምባ ነፊው ነው። ሸንጎው መሾም እንጂ መሻር ስለማያውቅ፣ ማንሻ ሲቀር እሱን የሻረው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ገበቴውን በበሩ በኩል ሲያይ ኖሯል።

«ምን አለሽ?» አላት።

«ድንጋይ ጨምሪ አለኝ።»

«ጨምሪ እንግዲህ። የናንተ ድንጋይ ባይኖር ይሄኔ ገበቴው ፈሶ፣ እኔም ነፍቼ፣ ወንድይራድም ወፍጮውን ታቅፎ ያለቅስ ነበር።» ሳቀ፤ ጥርስ ስላልነበረው ሳቁ ፉጨት ይመስላል። «እሱን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ማን ሆነና።»

ሽማግሌው ይህን የተናገረው ለወግ ነው። አንጓች ግን መንገድ ላይ ቆማ ቀረች። ቤቷ ውስጥ ያለው የድንጋይ ክምር፣ የጎረቤቷ ክምር፣ የሰፈሩ ሁሉ ክምር ታያት። የጌታውን ጎተራ ደግፎ የያዘው ምሰሶ የእነሱ ሸክም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ እኮ ደስ ይላል፤ ቢያናድድም ደስ ይላል። ልቧ እየዘለለ ወደ ወፍጮው ተራ ሄደች፣ ምክንያቱም በአገሪቱ ሴቶች ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ጌታ ወንድይራድ ወፍጮውን አንድ ቦታ ሲሰበስብ ያልታሰበው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ሰዉንም አብሮ ሰበሰበው።

«አርባ አንደኛው ጎተራ መቼ ነው የሚመረቀው?» ብላ ጠየቀች።

«ቅዳሜ ጠዋት» አሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎ ሳንለው ልንቀር ነው?»

መጀመሪያ ያበደች መሰላቸው። ቀስ ብላ ስታስረዳቸው አንዷ መጇን አቆመች፣ ሌላዋም አቆመች። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ «ባዶ እጃችንን አንሄድማ፣ ነውር ነው» አለች። «እጅ መንሻ ይዘን ነው የምንሄደው።»

«ምን አለንና ነው እጅ መንሻ?»

«ቤትሽ የሞላው ምንድነው?»

ሳቁ ከወፍጮው ድምፅ በልጦ ተሰማ ይባላል።

አንጓችን የጨነቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። ወለሉ መካከሉ በስብሷል። ሲያዘነብል ገበቴው ከመፍሰሱ በፊት አገሪቱ ለሁለት ብትቀደድስ? አራስ ከቤት አይወጣም፤ ወለላና ሕፃኑ በምሥራቁ በኩል ብቻቸውን ይቀራሉ። ለልጇ ነገረቻት። ወለላ ልጇን እያጠባች አዳመጠቻት።

«ብንቀርስ ከክረምቱ አናመልጥም» አለች። «ሂጂ። የአልጋውን እግር እኔ እዚህ ሆኜ አየዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጀንበር ወጣ ስትል የምሥራቅ ሰው ሁሉ ተነሳ። ሴቱ በእንቅብ፣ ወንዱ በትከሻው፣ ድንጋዩን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ እልል እያለ ድልድዩን ያዘ። የድልድዩ ዘበኛ «ተለዋጫችሁስ?» ቢል፣ «ለደስታ ነው» አሉት። ደንቡን ቢያገላብጠው እውነታቸውን ነው። አሳለፋቸው፤ ሲያልቁ እሱም የሚጠብቀው ስላልነበረ ተከተላቸው።

ጌታ ወንድይራድ እልልታውን ሰምቶ ካባውን ደርቦ ወጣ። ሰው ሲወደድ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እንኳን ደስ ያለዎ ጌታዬ» አለች አንጓች እጅ ነስታ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!»

ገቡ። ድንጋያቸውን አዲሱ ጎተራ ሥር አስቀመጡ፣ ተሳሳሙ፣ ጨፈሩ። የደንገል ወለል ላይ ጭፈራ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ ዶሮዎቹ ናቸው ያወቁት፤ ሳይራመዱ ወደ ሐይቁ መንሸራተት ጀመሩ። ቀጥሎ አንድ እንስራ ብቻውን ተንከባለለ። ከዚያ ከወለሉ ሥር ጭርር፣ ጭርር የሚል ድምፅ መጣ፤ እስሩ እየተወጠረ ነው። አንጓች ያን ድምፅ ስትሰማ ተንበረከከች። ሌላው ሰው ይጨፍራል፤ እሷ ግን የእስሩን ድምፅ እያዳመጠች፣ ቢበጠስ የትኛው ቀድሞ እንደሚበጠስ ታውቃለች። እጇን ወለሉ ላይ አድርጋ «ያዝ፣ ትንሽ ያዝ» ትለው ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያጠበቀችውን ገመድ።

ጌታው ያን ጊዜ ገባው። «በቃ፣ የደስታ ምኞታችሁን ተቀብያለሁ፣ ሂዱ» ማለት ፈለገ። ግን ደስ ያለዎ ሊል የመጣን እንግዳ ውጣ ማለት ከአባቱም ከአያቱም አልሰማም።

በአዳራሹ ደግሞ አለቃ ሣህሉ ቁርሱ ላይ ነበር። የገበቴው ውሃ ወደ አንድ በኩል ሲያብጥ አየ። በጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ። ሊፈስ አንድ ፀጉር ቀረው። አለቃ ሣህሉ ጉርሻውን ጥሎ ዘለለና ገበቴውን በሁለት እጁ ብድግ አደረገው። አገሪቱ ስታዘነብል እሱ በተቃራኒው ያቀናዋል፤ ወደ ግራ ስትል ወደ ቀኝ። ላቡ ጠብ ይላል፣ ውሃው ግን ጠብ አላለም። እንዲህ ያለ ችሎታ በበኩሌ አላየሁም።

«አልፈሰሰም!» ብሎ ጮኸ። «እዩ፣ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም!»

ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። አያ ቢተው በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ገበቴው ከመቀመጫው ተነስቶ በሹሙ እጅ ላይ እንዳለ አየ። ዓይኑን አሸ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ጥሩምባውን ከጭኑ አነሳ። መጀመሪያ አቧራ ወጣ፣ ቀጥሎ የሸረሪት ድር ወጣ። በሦስተኛው የሠላሳ አንድ ዓመት ትንፋሽ ወጣ።

አለቃ ሣህሉ ገበቴውን እንደታቀፈ ዞረ።

«ምን አደረግህ?»

«ሥራዬን» አለ አያ ቢተው።

ልጆቼ፣ ያን ቀን ማየት ነበረባችሁ። ጥሩምባው ከተነፋ በኋላ ማንም ለማንም ትእዛዝ የሰጠ አልነበረም። ወጣቱ ማንሻን አይቶ አያውቅም፣ ግን ከሽማግሌው አፍ ሰምቶታል፤ እግሩ ያውቀው ይመስል ወደ ታንኳዎቹ ሮጠ። አንጓች እየሮጠች ቤቷ ስትደርስ ወለላ አልጋው ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ምዕራቡ ሲወርድ ምሥራቁ ወጥቶ፣ የአልጋው እግር ደርቆ ነበር። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ከዚያ አራሷን ከነአልጋዋ አንስተው ታንኳ ላይ አወጧት፣ ሕፃኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይ አየ።

አርባው ወፍጮ ሲወጣ፣ አርባ አንዱ ጎተራ ሲራገፍ፣ አገሪቱ እንደ ታመመ ሰው ትንፋሽ እያገኘች ከፍ፣ ከፍ አለች። ሰው ቆሞ ያያትና ያጨበጭብ ነበር። ደንገል ታጨደ፣ ታሰረ፣ ተነጠፈ። አንጓች ድምፅዋ እስኪዘጋ እስሩን አዘዘች። በዘጠነኛው ቀን መግቢያው ሆነ።

ጌታ ወንድይራድ ከትልቁ ወፍጮ አጠገብ ቆሟል። ካባውን አወለቀ፣ እጀጌውን ጠቀለለ፣ ጎንበስ አለ። በዕድሜው አንድ ነገር አንስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሳበ፣ ፊቱ ቀላ፣ ወፍጮው አልሰማውም። ደግሞ ሳበ። ዙሪያውን ሰው ቆሞ ያያል፣ የሳቀበት ግን የለም። አንጓች ወደ እሱ ቀረበች።

«ላግዝዎ?» አለችው።

ይህችን ቃል ስንቱ በየቀኑ ይሰማታል፤ እሱ ግን እንደዚያ ቀን ፈርቷት አያውቅም። ወፍጮውን አየ፣ እጁን አየ። እህል ሰጥቶ የወሰደው የአንጓች እናት ወፍጮ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ማንም ግን ነገሩን አላነሳም። ከሐይቁ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ «አግዢኝ» አለ።

ሁለቱ አልቻሉትም። ሌሎች ሁለት ተጨመሩ፤ አራት ሆነው አነሱት። ወፍጮው የአራቱ ሆነ። ታዲያ ጌታው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ድንጋዩን አስቀምጦ ሳይቀዘቅዝ፣ ሌላ የሚያነሱ ሰዎች አየና ሮጦ ገባበት። ከዚያ ሦስተኛው ላይ። «ቆዩኝ፣ እኔም አለሁበት» እያለ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ከመንጋው ጋር ሲሯሯጥ ዋለ። ወገቡ እምቢ እስኪለው ሰባት ወፍጮ ላይ እጁን አሳርፏል። ማታ ወገቡን በቅቤ ሲያሹት፣ «ሰባት አነሳሁ» እያለ ለሰማው ሁሉ ይናገር ነበር። አርባ ወፍጮ ሲኖረው ግን ስለ አንዱም ሲያወራ አልተሰማም። እህሉንም እንደ ሕጉ ያነሳ ሁሉ ተካፍሎት ገባ፤ የሚፈጭበት ወፍጮ ደግሞ አሁን በየሰፈሩ ነበረ። የሚዛን ድንጋዩን ግን መልሶ ያነሳ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ሐይቁ ዳር ተከምሮ አለ፤ ወፎች ያርፉበታል።

አለቃ ሣህሉስ? አልተሻረም፤ ነግሬያችኋለሁ፣ መሻር የሚያውቅ የለም። መቀመጫው ብቻ ተዛወረ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የሚዛን ሹሙ ሥራውን የሚሠራው ከአንጓች ቤት አጠገብ፣ ከወለሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ይሁን አለ። አለቃ ሣህሉ ገበቴውን ይዞ መጣ፤ ከልማድ መላቀቅ ከባድ ነው። ጎኑ አስቀምጦ በየጠዋቱ አጎንብሶ ያየዋል። አንጓች ከአጠገቡ ደንገል ታስራለች። የልጅ ልጇ እየዳኸ መጥቶ የገበቴውን ውሃ ያንቦጫርቃል።

ሦስት ዓመት አለፈ። ጌታ ወንድይራድ ጎበዝ ሰው ነው፣ እንደገና ጎተራ መጨመር ጀምሯል፤ አምስተኛው ላይ ደርሷል። በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አለቃ ሣህሉ ገበቴውን እያየ ሳለ በድንገት ደነገጠ። እግሩን ሰብስቦ ተነሳ፤ ጫማውንም ገበቴውንም ትቶ በባዶ እግሩ በአገሩ መካከል ሮጠ። አያ ቢተው እንደ ልማዱ የአዳራሹ በር ላይ ነበር።

«ይንፉት» አለ ሹሙ እያለከለከ። «አያ ቢተው፣ አሁኑኑ ይንፉት።»

ሽማግሌው ጥሩምባውን አነሳና በዓይኑ ገበቴውን ፈለገ። «ሰባቱ ዓመት ገና ነው። ገበቴው ፈሰሰ እንዴ?»

«ገበቴውን ይተዉት» አለ አለቃ ሣህሉ፤ የቀኝ እግሩን አንስቶ ትንሿን ጣቱን አሳየው። «እግሬ ረጠበ።»